በስንዴው መሐል የበቀለው ገብስ

የእህቴ የድምፅ መልእክት የደረሰኝ ቤሩት፣ የአሠሪዬ በረንዳ ላይ አንሶላ ሳሰጣ ነው። እየሳቀች፣ «እታለም፣ እናታችን ጉድ አፈላች፤ በኩታ ገጠሙ ስንዴ መሐል ገብስ በቀለ» ትላለች።

ሰቆጣ አጠገብ ያለው ማሳችን ዘንድሮ ከጎረቤቶች ማሳ ጋር ተያይዞ ምርጥ ዘር ስንዴ ብቻ በመስመር ተዘርቶበት ነበር። ሟቹ አባቴ ግን ስንዴና ገብስ ደባልቆ ነበር የሚዘራው፤ ዝናቡ ቀድሞ ከሄደ ገብሱ ይደርስልናል፣ ከቆየም ስንዴው። ከእሱ ዘር የቀረን ቅል ውስጥ የነበረው ሁለት እፍኝ ገብስ ብቻ ነው። እናቴ አዲሱን ዘር ጸበል ስትረጭ ያንን ጨመረችበት።

ስንዴው ገና ለምለም ሳለ ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጋለጣት። የግብርና ባለሙያው፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ ለዘር የሚሸጥ ስንዴ ነው፤ ገብስ ካለበት ማን ይወስደዋል?» ሲላት፣ «ዝናቡ መቼ እንደሚሄድ ንገረኝና እኔው እነቅለዋለሁ» አለችው። እሱም ሳቀ፤ ገብሱ ግን በጎረቤት ሁሉ እጅ ተለቅሞ ወጣ። አልፈርድበትም፤ ያ ምርጥ ዘር አምና በሌሎች ማሳ ተዘርቶ የብዙዎችን ጎተራ ሞልቷል።

መልእክቱ ሲያልቅ አንሶላው በነፋስ ይወዛወዝ ነበር። ዐይኔን ስጨፍን ማሳው መጣልኝ፤ ረጅሙ ገብስ አጭሩ ስንዴ ላይ ቀስ ብሎ ሲያጎነብስ፣ አባቴም በመሐሉ ሲያልፍ። አማተብሁ።

ገብሱ ሲለቀም ማሳው ላይ የነበራችሁ ጎረቤቶቻችን፣ የለቀማችሁትን ዛላ ይዛችሁ ቤታችሁ ገብታችኋል አሉ። በልታችሁት ካልጨረሳችሁ፣ ስለ እመቤታችን ብላችሁ አንድ እፍኝ ለእናቴ መልሱላት፤ ቅሉ ባዶ ነው።