ናዝሬት የሰጠችው ጥለት

ሽሮ ሜዳ ላይ በዓል ሲቃረብ ሸማኔ ሸማኔን አያምንም። አቶ ዘርትሁንም አዲስ ጥለት በጀመሩ ሰሞን ደጃፋቸው ላይ ኮቴ በሰሙ ቁጥር የሸመኑትን በማዳበሪያ ጆንያ ሸፈን ያደርጋሉ፤ እንግዳው ተጫውቶ እስኪወጣም መወርወሪያ አያነሱም። አምና ለፋሲካ የለፉበትን ጥለት፣ ግድግዳ የሚጋራቸው ጎረምሳው ሸማኔ ጉልላት አይቶ ቀድሟቸው ገበያ አውጥቶታል። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዳቸው አልወጣም።

ልጃቸው ናዝሬት ማግ እያጠነጠነች ያደገች ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ አሁን ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ደንበኛ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የእሷ ነው። ኮድ መጻፍ ያስተማራት የለም፤ ከኢንተርኔት እየቃረመች ለመደችው። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በጋራ የሚሠሩት አንድ ጌም አለ። ኮዱም ሥዕሉም ለሁሉም ክፍት ነው፤ የቻለ ገብቶ ያርማል፣ ይጨምራል። ተጫዋቹ መንደር ይቆረቁራል፣ ገበያ ያቆማል። ገበያው ሰው ሲበዛበት ጌሙ ቀጥ ይል ነበር፤ ስንቱ ሞክሮ ያቃተውን ስህተት ፈልፍላ ያወጣችው ናዝሬት ናት። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትናገር ያዳምጧታል።

በዚህ ልቧ ሞልቶ፣ ገበያው የሸማ ተራ ይኑረው አለች፤ ተቀበሏት። ኮዱን ጨረሰች። ለሥዕሉም ብዙ አልተጨነቀችም፤ ዓይኗ ላይ የነበረውን የአባቷን አዲስ ጥለት ስክሪኑ ላይ ካሬ በካሬ ቀለም እየሞላች አስቀመጠችው። ለእሷ ክር እንደ መቁጠር ነበር። ልትልከው ስትል ግን የጌሙ አስተባባሪ ጠየቃት፤ ሥዕሉ የራሷ ነው ወይ? እዚህ የገባን ነገር ማንም ሊወስደው፣ ሊለውጠው፣ ሊሸጠውም ይችላልና። ሥዕል ከሌለ ደግሞ የሸማ ተራው ከነኮዱ ይቀራል።

ቤት ሄዳ ለአባቷ ነገረቻቸው። መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ ሰሟት።

«ማንም ማለት ማን ነው?»

«ማንም ነዋ አባዬ። ቻይና ያለም፣ ጎረቤት ያለም።»

መወርወሪያው ቆመ። «ጉልላትም?»

«እሱም።»

«እንግዲያው የኔን እንዳትነኪ። የራስሽ ካለሽ ስጪ፤ ማን ይከለክልሻል?»

ናዝሬት አልከፋትም። እውነታቸውን ነው። በማግስቱ ሥዕሉን አጠፋችውና ባዶውን ስክሪን ስታይ ቆየች። የራሷ ምን አላት? ተማሪ ሳለች በየቀኑ የምትወርደው፣ የምትወጣው የቀጨኔ የድንጋይ ደረጃ ትዝ አላት፤ መሃል ላይ የሚሰብረው ቦይ፣ ግራና ቀኙ የዛገ ቆርቆሮ። ደረጃውን በዛገው ቀለም፣ ቦዩን በአረንጓዴ ሠራችው። መጀመሪያ ጫፍና ጫፉ አልገጠመም፤ ፈትታ እንደገና ጀመረች። ሲገጥም ላከችው። አስተባባሪው ያለ አንድ እርማት አስገባው።

ጉልላት መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ ስክሪኑ ላይ አየው።

«ይሄ ደግሞ አባትሽ ሳይሸፍኑት እንዴት አመለጣቸው?» አላት።

የእሳቸው ሳይሆን የእሷ መሆኑን፣ ከወደደውም መውሰድ እንደሚችል ነገረችው። የምትቀልድበት መስሎት ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው።

ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው አቶ ዘርትሁን ከገበያ በንዴት ተመለሱ። ያ ጉልላት ዘንድሮ ደግሞ በልጃቸው መጣ፤ ሱቅ ላይ የተሰቀለ ነጠላ አይተዋል፣ ጌሙ ላይ ያሳየቻቸው ደረጃ ራሱ ነው። ሄደው ሊያንቁት ነው።

«አልሰረቀኝም አባዬ» አለች ናዝሬት። «ሰጥቼዋለሁ።»

ትኩር ብለው አዩዋት። ፊቷ ላይ የተበደለ ሰው ፈለጉ፤ አጡ። እግራቸውን ከሸማ ዕቃቸው ሥር ወዳለው ጉድጓድ አስገብተው እንደ ልማዳቸው ሥራቸው ላይ ተቀመጡ።

«አበላሽቶታል ግን» አሉ በመጨረሻ። «ቦዩ ጋ ሲደርስ ደረጃው አይገጥምም።»

«አይቼዋለሁ።»

«ማንም ካልሽ፣ እኔስ ማንም ነኝ?»

ናዝሬት ሳቀች። አረንጓዴውን ማግ አጠንጥና አቀበለቻቸው። በአባቷ ሸማ ላይ ደረጃው ወርዶ፣ ቦዩን ተሻግሮ፣ ከማዶ ልክክ ብሎ ገጠመ። ደጃፉ ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ጉልላት ነበር፣ እሳት ሊለምን የመጣ። አቶ ዘርትሁን ቀና ብለው ግባ አሉት፤ ጆንያውን ሳይነኩ መወርወሪያቸውን ወረወሩ።