ሚኒባስ ውስጥ የተለቀሰለት ጡት

ትናንት ጠዋት ከመርሳ ወደ ወልድያ ለሐኪም ቀጠሮ ስሄድ የሚኒባሱ ሙቀት ሊገድለኝ ደረሰ... ካንሰሩ ያቃተውን። ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፈፍ አደረግኩት።

ኬሞ ጸጉሬን እንደጨረሰው እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ ጡት ካንሰሬ እዚህ ገጽ ላይ ስጽፍ ከርሜያለሁ፤ እናንተም «ጀግናችን!» እያላችሁ ልብ ስትደረድሩልኝ ከርማችኋል። እግዜር ይስጥልኝ። በውስጥ መስመር የጥቁር አዝሙድ ዘይት ልትሸጡልኝ የሞከራችሁትም እግዜር ይስጣችሁ... እንደየሥራችሁ።

ችግሩ፣ ጀግና አያለቅስም። ጡቴ ከተቆረጠ ጀምሮ አንዲት እንባ ጠብ አላለችም። ላለቅስ ስል እናቴ «ተይ፣ ፈጣሪን ታስቀይሚያለሽ» ትለኛለች። ባሌ «ዋናው መትረፍሽ ነው» ይላል። ጎረቤቴማ «ደግሞ ለጡት!» ብላ ሳቀች። እኔም እንባዬን ዋጥ አድርጌ ለእናንተ ቀልድ እጽፋለሁ። ደረቴ ውስጥ ግን የሆነ ነገር እንደታነቀ ነው የከረመው፤ መተንፈስ ያቅተኛል።

ታዲያ አጠገቤ የተቀመጡት እናት መላጣዬን ሲያዩ ክው አሉ። ጥቁር ለብሰዋል። የግራና ከተማ አልቃሽ ናቸው፤ ከኋላችን ከተቀመጡት ሴቶች ጋር ወልድያ ለቅሶ መሄዳቸው ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሴት ራሷን ከተላጨች ሰው ሞቶባታል፤ ሌላ ምን ይሆናል?

«እኔን ልጄ! ማን ነው የሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝም እማማ።»

«ተይ አትደብቂኝ... ባልሽ ነው?»

ጋቢና የተቀመጠው ባሌ ዞረ። «አለሁ እማማ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉት።

ባሌ እሱ መሆኑን ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ በሕይወት መኖሩ ብዙም ያረካቸው አልመሰለኝም። «ታዲያ ለማን ተላጨሽ?»

መቼም ምላሴ አያርፍ። «ለጡቴ» አልኳቸው። «ካንሰር ሆኖ ቆረጡት። ሁለት ልጅ ያሳደግኩበት ነበር።»

አሁን «ጀግና ነሽ» ይሉኛል፣ ካልሆነም የጠበል ስም ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣

«ተለቀሰለት?» አሉኝ።

«ለጡት ማን ያለቅሳል እማማ?»

«ምነው ምነው! ሁለት ነፍስ ያሳደገ፣ ሳይለቀስለት ይቀራል?»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኧረ እማማ፣ ጡት በአደባባይ አይጠራም፤ ነውር ነው።»

«አንተ ምን ጠብተህ አደግህ?»

ጎልማሳው ከዚያ በኋላ እስከ ወልድያ በመስኮት ሲያይ ሄደ። ተራራው ድንገት አምሮበት ይሆናል።

እማማ ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቀዘቁ። ሾፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ሙሾውን አወረዱት...

«ሁለት ልጅ ያሳደግህ አንተ ደጉ ጓዳ፣
ማን አውጥቶ ሰጠህ ለቢላ ለባዳ?»

ከኋላ ያሉት ሴቶች «ወይኔ! ወይኔ!» ብለው ተቀበሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት «ይሄ ለገጹ ምን የመሰለ ቀልድ ይወጣዋል!» ብዬ ነው። ስልኬን ላወጣ ቦርሳዬን ከፈትኩ... እጄ እዚያው ቀረ።

ትንሿ ልጄ ትዝ አለችኝ። ቀኙን ስሰጣት እያኮረፈች፣ ግራውን ካላገኘች አልተኛም ትል ነበር። የተቆረጠው እሱ ነው። ከሆዴ የሆነ ነገር ተነቅሎ ወጣ፤ ሰው ፊት ነኝ ሳልል እሪ ብዬ ጮህኩ። ጡቴን እወደው ነበር። ይኸው ነው፤ ለማንም ብያት የማላውቃት ነገር ይቺ ናት።

ደረቴን ልመታ እጄን ስሰነዝር እማማ ቀለብ አድርገው ያዙኝ።

«ተይ ልጄ፣ ቁስልሽ ነው። እኔ እመታልሻለሁ።»

መቱልኝም። የራሳቸውን ደረት፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ድው ድው እያደረጉ። «ዋናው መትረፍሽ ነው» ባዩም ጋቢና ውስጥ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እስከ ዛሬ እሱንም ሰው አላስለቀሰውም ለካ።

ወልድያ መናኸሪያ ስንወርድ ዓይኔ አብጦ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ ነበር፤ ትንፋሼ ግን እስከ ታች ወረደልኝ። እማማ ጉንጬን ሳሙኝና «እግዜር ያጥናሽ» ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ... ድምፅ የለም። ተዘግቷል።

እና ትናንት ወልድያ ሐዘን ላይ የነበራችሁ ቤተሰቦች፣ ፈጣሪ ያጽናችሁ፤ ከግራና የጠበቃችኋቸው አልቃሽ ድምፅ አጥተው ከመጡባችሁ እሳቸውን አትሙብኝ... እኔ ቀድሜ ጨርሼባችሁ ነው።