የጆንያ ኮርኒስ

መሳለሚያ የተከራየኋት ክፍል ከአንድ አልጋና ከአንድ ሰው በላይ ትይዛለች ብሎ ማንም አስቦ አልሠራትም። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ መስኮቷ አንድ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ተከራዮች ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በጋዜጣ ለጥፈውት ሄደዋል። ጋዜጣው በደርግ ጊዜ የታተመ ስለነበር አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስለ እርሻ ዘመቻና ስለ ወዝ አደር ሰልፍ ሳነብ አንድ ሳምንት ከረምኩ። በስምንተኛው ቀን ሙቅ ውሃና ቢላዋ ይዤ ተነሳሁበት። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ከእኔ ግድግዳ ላይም መውደቅ ነበረበት።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሸማ ተራ አጠገብ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ሻጭ ነበርኩ። ያደግኩት አብነት፣ በእግር በሚደረስበት ቦታ፣ ከስምንት ወንድምና እህት ጋር ነው። ከቤት የወጣሁት ተጣልቼ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ የራሴ የሆነ፣ ከውስጥ የሚዘጋ በር አምሮኝ ነበር፤ ደሞዝ ማግኘት ስጀምር ተከራየሁት። እንዲህ ስናገረው ቀላል ይመስላል። ለአባቴ ግን ሰማይ የተደፋ ያህል ነበር።

አባቴ እህል በረንዳ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ከተሸካሚነት ተነስቶ መጋዘን ያቆመ ሰው ነው። ቁጣው ድምፅ የለውም። የወጣሁ ዕለት በር ላይ ቆሞ፣ «ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በሰርግ ነው። አንቺ ግን በፌስታል ወጣሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሻንጣ አልነበረኝም፣ ልብሴን የያዝኩት በፌስታል ነበር።

ከዚያ በውል አሰረኝ። «ሦስት ወር እሰጥሻለሁ። መጥቼ አያለሁ። ሰው የሚኖርበት ቦታ ካልሆነ ዕቃሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ ሁለተኛ አይነሳም።» እኔም እልኸኛ ነኝና እሺ አልኩ። በእኛ ቤት እሺ ማለት ፊርማ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሦስት ወራት ግድግዳ የቀባሁት፣ መጋረጃ የሰፋሁት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ወይ በሩ የእኔ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ ተመልሼ ከሦስት እህቶቼ ጋር አንድ አልጋ እጋራለሁ።

ገንዘብ አልነበረኝም፤ ዓይን ግን ነበረኝ። ይህን ስል አላፍርም። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስዘረጋና ስጠቀልል የዋልኩ ሰው ነኝ፤ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ እጄ ያውቀዋል። በዚያን ጊዜ ገበያው ተከፍቶ መርካቶ ከዱባይ በመጣ ዕቃ ተጥለቅልቆ ነበር። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የፕላስቲክ አበባ፣ ፏፏቴ ያለበት ፖስተርና የሚያብረቀርቅ መጋረጃ ይገዛል። ክፍላቸው ስገባ ሱቅ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። እኔ ሌላ ነገር ፈለግኩ። ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ትከሻው ዝቅ የሚልበት ቤት ፈለግኩ።

ለቀለም በገዛሁት ኖራ ውስጥ ቀይ አፈር አሽቼ ጨመርኩበትና ግድግዳው የተጠበሰ ዳቦ ቀለም ያዘ። ምናለሽ ተራ ሄጄ፣ ከአሮጌ ብረትና ከተሰባበረ ዕቃ መሃል፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት አገኘሁ። ስንጥቁን አስቆርጬ ከመስኮቱ ትይዩ ሰቀልኩት። ያቺ አንድ መስኮት ሁለት ሆነች። መጋረጃዬ ተራ አቡጀዲ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ሸማ ተራ ከሸማኔዎች የለመንኩትን የጥለት ቁራጭ ቀጣጥዬ ሰፋሁበት። አንዱ ጥለት አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ወርቃማ ነው። ያየው ሁሉ ከየት አስመጣሽው ይለኝ ነበር።

የቀረኝ ጣሪያው ነበር። ቆርቆሮው ቀን ያቃጥላል፣ ዝናብ ሲመጣ ያደነቁራል። ሌላው ተከራይ ኮርኒስ የሚያደርገው ማዳበሪያ ፈትቶ ነው፤ ቀና ስትል የፋብሪካ ጽሑፍ ታነባለህ። እኔ ማንበብ በቃኝ ብዬ የጋዜጣ ግድግዳ የፋቅኩ ሰው ነኝ። እኔ ያሰብኩት ጆንያ ነው፤ ያ ከቃጫ የሚሠራው፣ የበሰለ ገብስ የመሰለ ቀለም ያለው የድሮ ጆንያ። ሳይቀባ፣ ሳይለወስ፣ እንዳለ ተወጥሮ ከቀዩ ግድግዳ በላይ ምን እንደሚመስል በሐሳቤ አየሁት። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባላል፤ እኔ ግን ቅቤውን በእጄ ለመናጥ ቆርጬ ነበር።

ችግሩ ባዶ ጆንያ በብዛት የሚሸጠው እህል በረንዳ መሆኑ ነው፤ አባቴ ደጃፍ ማለት ነው። እንዳያየኝ ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ በታችኛው በኩል ገባሁ። ሻጩ በሩን ገና መክፈቱ ነበር። የጠዋት የመጀመሪያ ገበያተኛ ባዶ እጁን ከተመለሰ ቀኑ አይቀናም ብለው ስለሚያምኑ ያን ሰዓት የመረጥኩት አውቄ ነው። ዞር ስል ይጠራኛል፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና ዞር እላለሁ። ሦስተኛው ላይ፣ «ምን ዓይነት ማስጀመሪያ ነሽ እቴ! ውሰጂው፣ ጦሜን አታሳድሪኝ» ብሎ ባቄላ ይያዝበት የነበረውን ባዶ ጆንያ በፈለግኩት ዋጋ አሸከመኝ። እየሳቅኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

በግቢያችን አንዲት እትዬ ነበሩ፤ የተቀደደ ጆንያ እየጠገኑ የሚተዳደሩ፣ ጣታቸው እንደ ሥር የጠነከረ። ሸክሜን ሲያዩ መርፌያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ይሄ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ይነከራል። ከዚያ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይውላል። የባቄላ ነው።»

«እትዬ፣ በፈላ ውሃ ከነከርኩትማ ቀለሙ ይሞታል። ተልፈስፍሶ እንደ መወልወያ ጨርቅ ይሆንብኛል።»

«ነቀዝ አለበት እኮ ነው የምልሽ።»

«በዱላ አራግፈዋለሁ። ደግሞ ለኮርኒስ እንጂ ለባቄላ አይደለም የገዛሁት።»

«አንቺ ለኮርኒስ ገዛሽው፤ ነቀዙ ግን ይሄን አልሰማም» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አባቴ ሊመጣ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። በዱላ ደበደብኩት፣ አራገፍኩት፣ አንድ ከሰዓት አሰጣሁትና በቃው አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ጆንያዎቹን ፈትቼ በሲባጎ እርስ በርስ ሰፋኋቸው፤ ሞራሌ የሚሉትን ቀጭን አራት ማዕዘን እንጨት በጣሪያው ሥር አስመትቼ በላዩ ወጠርኩት። እዚህ ላይ ልኩራ። በሕይወቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ቤት አሳምሬአለሁ፤ እንደዚያ ጣሪያ ያማረ ነገር ግን አልሠራሁም። ማታ አምፖሉን ሳበራ ክፍሉ በሙሉ ማር የተቀባ ይመስል ነበር። እትዬ እንኳ በሩ ላይ ቆመው ካዩ በኋላ፣ «ምን ላድርግሽ፣ ያምራል» ብለዋል።

እሑድ ረፋድ ላይ አባቴ መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ለቅሶ ቤት የሚገባ ይመስል አንገቱን ደፋ አድርጎ ገባ። አልተቀመጠም። ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰና አፈር ለቆበት እንደሆነ ለማየት እጁን ገለበጠው፤ አልለቀቀም። መጋረጃውን ጫፉን ይዞ ስፌቱን መረመረ። ዕቃ በሚመረምርበት ዓይን ነበር የሚያየው፤ እኔም እንደ ዕቃው ባለቤት ዋጋ ላለመቀነስ ቆሜአለሁ።

«መስታወቱን ለምን እዚያ ሰቀልሽው?»

«ብርሃኑን እንዲያበዛው ነው አባዬ።»

እጁን ዘርግቶ ብርሃኑ ላይ አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ። አባቴ ባርኔጣውን ያወለቀበት ቤት ሻይ ሳይጠጣ አይወጣም። ሻዩን ከዳቦ ጋር አቀረብኩለት፤ ስኳሩን እያማሰለ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ቆርቆሮው መጋል ጀምሮ ነበር። እያሸነፍኩ እንደሆነ ምንም አልተጠራጠርኩም።

የመጀመሪያው ነቀዝ ሻዩ ውስጥ ወደቀ።

አባቴ ብርጭቆውን አየ፣ በማንኪያው አወጣው፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ሁለተኛው ትከሻው ላይ፣ ሦስተኛው ባዶ አናቱ ላይ ዐረፈ። ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። ሙቀቱ ከየስፌቱ እያወጣቸው እንደ ካፊያ ወረዱ፤ በአልጋዬ ላይ፣ በዳቦው ላይ፣ በኮቱ ላይ። ነጠላዬን ይዤ ላራግፍለት ብሮጥ ይባስ አባረርኳቸው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መሬት ብትከፈት ሳላመነታ እገባ ነበር።

አባቴ አንዱን በጥፍሩ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አቀረበው።

«የባቄላ ነው። ከየት ነው የገዛሽው?»

«ከእህል በረንዳ።»

«ከእኔ ሰፈር?»

«ጎህ ሲቀድ ሄጄ ነው። እንዳታየኝ።»

ነቀዙን ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። እኔም ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም። ቃሌ ቃል ነው፣ ውሉንም አስታውሳለሁ፣ እንዲያስታውሰኝ አልፈልግም። እንባዬ እየወረደ፣ «ዕቃዬን ልሰብስብ» አልኩና ልብሴን ከመንጠቆው ላይ ማውረድ ጀመርኩ። ቀሚሴን፣ ሹራቤን፣ የሥራ ጋወኔን ክንዴ ላይ አነባበርኩ። ከኋላዬ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«መሰላል አለ?» አለኝ።

ዞር ስል ኮቱን አውልቆ የሸሚዙን እጅጌ እየጠቀለለ ነበር።

ከእትዬ መሰላል አመጣሁ። አባቴ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ምስማሩን በጉጠት እየነቀለ ኮርኒሱን ከነስፌቱ ሳይቀድ አወረደው፤ እኔ ከታች ተቀበልኩ። ግቢው መሃል የእትዬን በርሜል ጥደን ውሃ አፈላን። ያ የእህል በረንዳ ትልቅ ነጋዴ፣ ተሸካሚ ተከትሎት የሚሄደው ሰው፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጆንያ በእንጨት እየጠቀጠቀ ሲያጥብ የግቢው ሰው በየበሩ ወጥቶ አየ።

እትዬ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «እኔ ነግሬያት ነበር» አሉ።

«ይቺ ማንን ትሰማለች ብለው ነው እትዬ?» አለ አባቴ። በድምፁ ውስጥ ግን ያልጠበቅኩት ነገር ነበር፤ እንደ ኩራት ያለ።

ሲጨርስ የታጠበውን በግቢው ገመድ ላይ ሰጣን። ቀለሙ አልሞተም ነበር፤ ትንሽ ቀለል ብሎ እንዲያውም አምሮበታል። በዚህም ተሳስቻለሁ ማለት ነው። አባቴ እርጥቡን ጫፍ በጣቱ ይዞ፣ «ሦስት ቀን ይፈልጋል። ስትሰቅይው ስፌቱን ወደ ላይ አድርጊው፣ ወደ ታች አይደለም» አለኝ። «ተመለሺ» የሚል ቃል ከአፉ እስኪወጣ ጠበቅኩ። አልወጣም።

እስከ ታክሲው ልሸኘው አብሬው ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሰው ይጋፋል፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ሳላስበው መናገር ጀመረ።

«እኔ እዚህ ስመጣ መጋዘን ውስጥ ነበር የምተኛው፤ ጆንያ አንጥፌ፣ ጆንያ ለብሼ። ነቀዝ ጆሮዬ ውስጥ ይገባ ነበር። አባቴ አንዴ ሊያየኝ ከአገር መጣ። ሦስት ቀን እግሩን ተክሎ የት ነው የምታድረው አለኝ። ሩቅ ነው፣ ባለቤቱ አይፈቅድም፣ ዛሬ አይመችም እያልኩ የዘመድ ቤት አሳድሬ ሸኘሁት። በዓመቱ ሞተ። ልጁ የት እንደሚተኛ ሳያውቅ ሞተ።»

ታክሲው መጥቶ ረዳቱ «አብነት! አብነት!» እያለ ይጣራል። አባቴ እግሩን አስገብቶ እንደገና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ግን በርሽን ከፍተሽ አስገባሽኝ» አለኝ።

ታክሲው ሄደ። እኔ እዚያው መሳለሚያ መሃል መንገድ፣ ሰው እየገፋኝ፣ እጄ ገና የጆንያ ውሃ እየሸተተ ቆሜ አለቀስኩ። በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የራሱን መዶሻ ይዞ ቆሟል።