ወንዝ ወሰደው የተባልኩት ሰው

አገሬን የለቀቅሁት እንደ ሌላው ስደተኛ በሌሊት አይደለም፤ በእኩለ ቀን፣ በገበያ ዕለት ነው። ሰው ሁሉ ገበያ ሲወርድ ታናሽ ወንድሜ ዓለሙ ጋቢዬንና ጥምጣሜን ጨሞጋ ወንዝ ዳር ጥሎ እኔን በጓሮ አስወጣኝ። ሲመሽ እሪ ብሎ አገር ሰበሰበ። ወንዝ ወሰደው ተባለ። ሐምሌ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። በተዝካሬ ተበልቶ ተጠጥቶ ነበር አሉ፤ እኔ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ተቀምጬ ፉርኖ በሻይ እየነከርኩ ስበላ።

ነገሩ የጀመረው እዚያው ወንዝ ላይ ነው። የቅኔ መምህር ነበርኩ። አንድ ተማሪ ወንዝ የሚለው ቃል ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ልታይ ባይነቴ መቼም አይጣል ነው፣ ጉባኤውን ሁሉ ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ግዕዙ ወሐዘ ነው፣ ፈሰሰ ማለት ነው፤ ፈሳሹ ደግሞ ውሒዝ ይባላል፤ የእኛ ወንዝ ከዚያ የመጣ ነው፣ ስሙ ከሥራው ወጣለት አልኳቸው። መፍሰሱ እንዲገባችሁ እጃችሁን ክተቱ ብዬ እኔም ከተትኩ። ልጆቹ ከብርዱ የተነሣ ጮኹ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ድንጋይ ጣቴን ቆርጦት ደሜ ከውሃው ጋር ሲሄድ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ምን እንደያዘኝ ያን ቀን አወቅሁ። በእኛ አገር ቁምጥና በዘር ይመጣል ይባላል። ከታወቀብኝ ያቺ እናቷ በወሊድ የሞተችባት፣ የስድስት ዓመት ልጄ አበባ የሚያገባት አታገኝም። ዓለሙ ሙት ብሎ መከረኝ፤ እኔም እሺ አልኩ።

አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሆስፒታል መጥቼ መድኃኒት ጀመርኩ። ቤት ፍለጋውን እናንተም የሰፈሬ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ጦር ኃይሎች አጠገብ አንዲት ሴትዮ የምታከራየውን ክፍል እያሳየችኝ ሳለ እጄን አየችና ተይዟል አለችኝ። በማን ብላት፣ «እርስዎ ሲሄዱ በሚመጣው ሰው» አለችኝ። መቼም እውነቷን ነው፣ አልዋሸችም።

በመጨረሻ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ያለች አንዲት የጭቃ ክፍል አገኘሁ። የኮልፌ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ከቤቴ ጀርባ ያለችውን ውሃ እዚህ ወንዝ ይሏታል፤ በበጋ ነጠላ እንኳ አታሳጥብም፤ የጨሞጋ ሰው ቢያያት በሳቅ ይሞታል። ቢሆንም ትፈሳለች፤ ቆሜ የቀረሁት እኔ ነኝ። ከዓመታት በኋላ ሐኪሙ ድነዋል፣ አገርዎ ይግቡ አለኝ። ወይ ጉድ! ሙት ምን ብሎ አገሩ ይገባል?

አምና ዓለሙ፣ አበባ በጥር ልትዳር ነው ብሎ ጻፈልኝ። ከሩቅ ቆሜ ልያት ብዬ ለመንኩት። አማቾቿ አንተን ካወቁ ሠርጉ ይፈርሳል፣ እባክህ ሞተህ ቅርልኝ አለኝ። ስንጻጻፍ ከርመን በአንድ ነገር ተስማማን፤ የአባትሽ ወዳጅ ከአዲስ አበባ ሊመርቅሽ ይፈልጋል ብሎ ደብረ ማርቆስ ስልክ ቤት ያመጣታል።

ያን ቀን ስልክ ቤት ከጠዋት ጀምሬ ጠበቅሁ። ድምፅዋ ሲመጣ የናቷ ድምፅ ነው። እንደምንም መረቅኋት። አሜን፣ አሜን ስትል ቆየች።

«አባቴን ያውቁት ነበር አሉኝ» አለች።

«አብረን ተምረናል።»

«ሙሽራ ስሆን ጉልበቱን የምስመው አባት የለኝም። እርስዎ ይምጡና በእሱ ቦታ ይቀመጡልኝ።»

መነጋገሪያውን የያዙትን ጣቶቼን አየሁ፤ የቀሩትን ማለቴ ነው። እሄዳለሁ ማለት ነው የፈለግሁት፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም። አልመጣም ለማለት ምክንያት ብፈልግ ጠፋኝ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ይኸው ብቻ ነው።

«ወንዙ ሞልቶ መንገድ ዘጋብኝ፣ ልጄ» አልኳት።

ከዚያ ቀስ ብላ፣

«በጥር?» አለችኝ።