ያልተነጨችው በግ

ዙድ የሚሉት ያ ክፉ ብርድ የኖርጅማን በጎች ጠራርጎ ሲወስድ እሷን የተዋት አፏን ፈርቶ ነው ይባላል። በረዶው ሣሩ ላይ ተጋግሮ ሰነበተና በጎቹ በረሃብ በቁማቸው ደርቀው ቀሩ። ፀደይ ሲብት ልጇ ኦቺር ከኡላንባታር የጭነት መኪና ይዞ መጣ፤ ከተማ ወስዶ ፎቅ ላይ ሊያኖራት ነው። በግ ስታረባ ያረጀችው ኖርጅማ ፎቅ ላይ ከመቀመጥ በቁሟ ብትቀበር ትመርጣለች። ግን በግ የሌለው ሰው ሜዳ ላይ ምን ይሠራል? አንጀቷ እያረረ የሱፍ ድንኳኗን አፈረሰች።

የብረት ምድጃዋ መጨረሻ ላይ መኪናው ላይ ተጭኖ እንዳበቃ ጎረቤቷ ዱጋር በፈረስ ሆኖ በጎች እየነዳ ብቅ አለ። ሁለቱ በግጦሽ ሳይሰዳደቡ የዋሉበት ቀን የለም። በዚያ ላይ ዱጋር አገር ያወቀው ቆንቋና ነው። በዚያ አገር እንስሳ የሚሰጥ ሰው ገዱ አብሮ እንዳይሄድበት ከጠጉሩ ነጭቶ ያስቀራል፤ ዱጋር ግን የሞተ በግ ቆዳ እንኳ ሳይነጭ አይሸጥም።

«ወዴት ነው ሽሽቱ?» አላት።

«አንተ ወደማትደርስበት!»

«ይልቅ እነዚህን ተረከቢ። ሸለቆው ሁሉ ከተረፈው አንድ አንድ አዋጥቶልሽ ነው። ሁሉም እርጉዝ ናቸው።»

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው እውነት ነው። ኖርጅማ እንባዋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ በጎቹን ትዳብስ ጀመር። ሁሉም ትከሻቸው ላይ ተነጭተዋል፤ ደንብ ነውና ቅር አላላትም። አንዲት ፊተ ጥቁር ብቻ ጠጉሯ አልተነካም። የጆሮዋን ምልክት አየች፤ የዱጋር ናት።

«ይቺን ረሳሃት።»

«አልረሳኋትም።»

«አንተ? ሳትነጭ?»

«አትጨቅጭቂኝ!» ፊቱን አዞረ። «ገዴን ይዤ ቀርቼ በጎችሽ ዳግም ቢያልቁ፣ እኔ ከማን ጋር ልጣላ? ለምጄሻለሁ እኮ።»

ኖርጅማ ከዚያ ብርድ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ከበጓ ትከሻ ጠጉር ነጨችና እጁ ላይ ጣል አደረገችለት።

«እንካ፣ ግማሹን ያዝ! ሙሉ ገድህ ከመጣማ ቆንቋናነትህም ይከተለኛል።» ወደ ልጇ ዞረች። «ኦቺር! ምድጃውን አውርድ!»

«እማዬ፣ አሁን ጫንኩት እኮ!»

«አውርድ እልሃለሁ! እንግዳ ሻይ ሳይጠጣ ሊሄድ ነው እንዴ?»

ዱጋር የበጓን ጠጉር ጉያው ከቶ ከፈረሱ ወረደና የምድጃውን አንድ ጫፍ ያዘ።