ሙፍሊህ ያደነው የሰማይ ፈረስ

በእኛ በሂስማ በረሃ፣ ሲመሽ እሳቱን የሚያጠፋ ሰው ከእንግዳ የሚደበቅ ነው ይባላል። የወንድሜ ልጅ ሙፍሊህ ግን ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ሁሉ እሳቱን አሸዋ ያለብሰው ነበር።

ንፉግ ሆኖ አይደለም። ለዓመታት ጎብኚዎችን በመኪና ሲያመላልስ ኖሮ ከአንዱ ቴሌስኮፕ ገዛ፤ ካሜራ ገጠመበትና ሰማይን ፎቶ ማንሳት ብቻውን ተማረ። እኔም ማንበብ የጀመርኩት ከሸበትኩ ወዲያ ነውና አልሳቅኩበትም። ልቡ የተሰቀለው ከኦርዮን ከዋክብት መታጠቂያ ስር ባለች ኔቡላ ላይ ነበር፤ ቀይ የጋዝ ደመና ናት፣ ከፊቷ ጥቁር አቧራ የፈረስ ራስ መስሎ የቆመባት። እንዲሁ በዓይን አትታይም። ካሜራው ብርሃኗን ብዙ ሌሊት ጥቂት በጥቂት ሲለቅም ማምሸት አለበት፤ አጠገቡ እሳት ከነደደ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

የሌላ አጎቱ ልጅ ጃዚ ይተርበው ነበር።

"ምድር ላይ ሦስት ፍየል፣ ሰማይ ላይ ፈረስ! ሙፍሊህ፣ ጥሎሽ ከፍለህ ሙሽራ የምታመጣው በየትኛው ነው?"

"በፍየሎቹ። ፈረሱ ላይ አንተን ጭኜ እሰድሃለሁ፤ እናርፋለን።"

ያን ዓመት የብርዱን ወራት አቧራ በላው። ፎቶው ላይ የፈረሱ አንገት ወጥቷል፤ ራሱ ግን ከደመናው ገና አልተለየም። ኦርዮን ወደ ምዕራብ አዘቅዝቋል፤ ያቺ ጨረቃ የሌለባት የመጨረሻ ሌሊት ካመለጠች እስከሚቀጥለው ብርድ ድረስ ሌላ የለም። ሰማዩ እንደታጠበ ጠርቷል። አብሬው ተቀምጬ ነበር።

በሩቅ የመኪና መብራት ታየ። ከሰፈራችን ማዶ ወዳለው ገደል ሄደ፣ ተመለሰ፣ ዞረ።

"አጎቴ፣ ሰዎቹ መንገዱን ያውቁት ይሆን?" አለኝ።

"የሚያውቅ ሰው እንዲህ ይዞራል?"

"ትንሽ ብንጠብቅስ?"

ውሳኔውን ለእሱ ተውኩት። ድንኳኑም የእሱ፣ እሳቱም የእሱ ነው። እጁን ቴሌስኮፑ ላይ እንዳሳረፈ ቆየ። መብራቱ እንደገና ወደ ገደሉ ሲያቀና ግን ሮጦ ደረቅ ቁጥቋጦ ከመረና ለኮሰው። ነበልባሉ ከሰው ቁመት በላይ ዘለለ።

መኪናው መብራቱን እንዳበራ ደጃፋችን ድረስ መጣ። አንዲት አሮጊትና ጎልማሳ ልጃቸው ወረዱ። ከየት መጣችሁ፣ ወዴት ናችሁ ያላቸው የለም፤ እንግዳ አይጠየቅም። ሙፍሊህ ከሦስቱ ፍየሎች አንዷን አረደ።

"ያ የቆመው መድፍ ነው እንዴ?" አሉ አሮጊቷ።

ሙፍሊህ ሳቀና ፎቶውን አሳያቸው።

"አንገቱን አየሁ። ራሱስ የታለ?"

"አፋር ነው፣ እናቴ። ቀስ እያለ ይወጣል።"

እንግዶቹ በልተው ሲተኙ ኦርዮን ከተራራው ጀርባ ገብቷል። ሙፍሊህ ቴሌስኮፑን በብርድ ልብስ ሸፈነው።

"ቆጨህ?" አልኩት።

"እንዴት አይቆጨኝ! አንዲት ሌሊት ነበር የቀረችኝ፤ አንዲት!" አለ። ወዲያው ወደ ድንኳኑ ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቀስ እንበል አጎቴ፤ እንግዶቹ ይሰሙናል።"