አንድ ስም ብቻ የሚቀበለው ቅጽ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... አክስቴ ያልጋነሽ «ነይ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ ታነቢልኛለሽ» ብለው ከሰፈራችን ከኔቬ ያዕቆብ አውቶቡስ አሳፈሩኝና መሀል ከተማ ሃነቪኢም መንገድ ላይ ወዳለ አንድ ጠበቃ ቢሮ ወሰዱኝ።

አክስቴ ለዓመታት በመኝታ ክፍላቸው ጥግ የሙሽራ ቀሚስ ሲሰፉ ኖረዋል። አሁን እዚያው አቅራቢያ «ኢትዮጵያ» በሚባለው መንገድ አጠገብ ከአያ ተሰማ ጋር የስፌት ሱቅ ሊከፍቱ ነው። አያ ተሰማ የአገራቸው ሰው ናቸው፤ ክፍሉን ፈልገው ያገኙት እርሳቸው ናቸው፣ ጨርቁንም የሚያመጡት እርሳቸው ናቸው። ሁለቱ በሽማግሌዎች ፊት «እኩል ነን» ብለው ተማምለዋል።

አያ ተሰማ ቀድመውን ደርሰው ተቀምጠዋል። ጠበቃው በዕብራይስጥ የተጻፉ ገጾችን ወደ እኛ ገፋ አድርጎ «የተለመደ ነው፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለ።

እኔ ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። በኪራይ ውሉም ሆነ በንግድ ምዝገባው ላይ ባለቤት ተብሎ የሰፈረው አንድ ስም ነው፦ ተሰማ። አክስቴ የተጠቀሱት በመጨረሻው ገጽ፣ «ሠራተኛ» ተብለው ነው።

ደሜ ፈላ። «አክስቴ፣ እንዳይፈርሙ! በገዛ ሱቅዎ ቅጥረኛ ተደርገዋል!» ወደ አያ ተሰማም ዞሬ «እርስዎስ አያፍሩም?» አልኳቸው። ለታላቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

አክስቴ ክንዴን ቆነጠጡኝ። «ዝም በይ! ወረቀቱ ለመንግሥት ነው፤ ለእኛ መሐላው አለን።»

«ዳኛ የሚያነበው ግን ወረቀቱን ነው፣ አክስቴ!»

አያ ተሰማ አልተቆጡም። «ምን ይላል? እስቲ ንገሪኝ» አሉ። ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው... ብዕሩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ ብቻዬን ባለቤት? ክር ከመርፌ ማስገባት የማልችለው ሰውዬ?» ከዚያም ወደ አክስቴ ዞሩ። «ያልጋነሽ፣ እኔም እኮ እንዳንቺው ይህን ፊደል አላነብም።»

ጠበቃውን ለምን እንዲህ እንደጻፈ ጠየቅሁት። ትከሻውን ሰበቀ። «በአንድ ስም ይቀላል፤ ቅጹም የሚቀበለው አንድ ስም ነው። ወንዱን ጻፍኩ። እናንተ ሰዎች እርስ በርሳችሁ ትተማመኑ የለም እንዴ?»

እናንተ ሰዎች!... የሽርክና ውል የሚባል ነገር እንዳለ፣ ሕጉም እንደሚፈቅደው ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቃል። የሁለት አዛውንቶችን መተማመን ግን ለራሱ ሥራ ማቅለያ አደረገው። ሁለቱም ስሞች ያሉበት ውል እንዲጽፍ ነገርኩት። «ሌላ ቀጠሮ ያስፈልጋል» አለ። «ይስጡን» አልኩት።

ደረጃው ላይ አያ ተሰማን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ሌባ መስዬሽ ነበር፣ አይደል?» ብለው ሳቁ። «ግድ የለም ልጄ። ሌላ ጊዜ ግን መጀመሪያ አንብቢልን፤ ስድቡ ይደርሳል።»

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው... እኔ ባልሄድ ኖሮ ሁለቱም ፈርመው፣ ጠበቃውን መርቀው ይወጡ ነበር።